የወባ መመርመሪያ፣ የመልኮ ቡና፣ የስቴም ሴል እንክብል፦ የጅማ አንባቢያን ጥያቄዎች

ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ ወረዳዎች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኛው ስለ ሴልና ስለ ጂን (ዘረመል) አዳዲስ ግኝቶች ነው። ሰዉ በቲክቶክ ወይም በሬዲዮ ይሰማና "እውነት ነው?" ይላል። እኔ ስመልስ አንድ ነገር አጥብቄ እይዛለሁ፦ ነገሩ በብልቃጥ ውስጥ የታየ ነው ወይስ በሰው ላይ? በሰው ከሆነስ በስንት ሰው? ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ልጄን አተኮሰው። ጣቱን ወግተው በዚያች ትንሽ መመርመሪያ አዩትና 'ወባ የለበትም' አሉን። ከሁለት ቀን በኋላ ሲብስበት ጅማ ወሰድነው፤ በማይክሮስኮፕ ወባ ተገኘበት። መመርመሪያዋ ተበላሽታ ነው ወይስ ባለሙያዋ ተሳስታ?" (አንዲት እናት፣ ከአሰንዳቦ)

ልጅዎን ይማርልዎ። ከሁለቱ አንዱም ላይሆን ይችላል። የጠየቁት ነገር የወባ ተመራማሪዎችን እንቅልፍ የነሳ ጉዳይ ነው።

ፈጣን መመርመሪያዋ የወባውን ተውሳክ ራሱን አታይም። የምታየው ተውሳኩ ወደ ደም የሚለቀውን ፕሮቲን ነው። ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ2 የሚባለውን ነው። ችግሩ፣ አንዳንድ ተውሳኮች ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ከነጭራሹ አጥተውታል። ጂኑ ባይኖርም ተውሳኩ ይራባል፣ ያሳምማል። መመርመሪያዋ ግን የምትፈልገውን ስላላገኘች "የለም" ትላለች።

ይህ መጀመሪያ የታወቀው በፔሩ አማዞን ሲሆን ጥናቱ የወጣው በ2010 ነው። ከዚያ ኤርትራ ውስጥ በብዛት ታየ። ቀጥሎ እኛ ጋ። በ2021 የታተመ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን አይቷል። በዚህ ጂን መጥፋት ብቻ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉ በመመርመሪያዋ ሊያመልጡ እንደሚችሉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሩ ከ5 በመቶ ካለፈ መመርመሪያው ይቀየር ነው የሚለው። አማራጩ ኤልዲኤች የሚባል ሌላ ፕሮቲን የሚፈልግ ነው። ተውሳኩ ከስኳር ጉልበት የሚያወጣው በዚህ ፕሮቲን ስለሆነ በቀላሉ ሊጥለው አይችልም።

የልጅዎ ጉዳይ በሌላ ምክንያትም ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ደሙ ውስጥ የነበረው ተውሳክ ጥቂት ከሆነ መመርመሪያዋ ላታየው ትችላለች። ሙቀት ያገኘው መመርመሪያም አቅሙ ይቀንሳል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ "ወባ የለም" ተብሎም ትኩሳቱ ካልለቀቀ እቤት አትቀመጡ። ተመለሱና በማይክሮስኮፕ ይታይልን በሉ። እናንተ ያላችሁት ከግልገል ጊቤ ግድብ አጠገብ ነው። በ2009 የወጣ ጥናት ግድቡ ዳር የሚኖሩ ልጆች ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። እናንተ ጋ ትኩሳት ቀልድ አይደለም።

መድኃኒቱንም ይጨርስ። ከእነዚያው ሦስት ክልሎች የተወሰዱ ናሙናዎች በ2023 እንደገና ሲጠኑ፣ 8.2 በመቶው ኬ13 በሚባለው ጂን ላይ አርቴሚሲኒንን ለመቋቋም የሚረዳ ለውጥ ተገኝቶባቸዋል። የወባ ኪኒኑ ኮአርተም ሁለት መድኃኒቶች አሉት፤ አንዱ ከአርቴሚሲኒን የተሠራ ነው። ከባዱ ዜና አንዳንዶቹ ተውሳኮች ሁለቱንም ለውጥ መያዛቸው ነው፤ ከመመርመሪያም ይሰወራሉ፣ መድኃኒትም ይቋቋማሉ። ስለዚህ ልጁ ሻል ሲለው የተረፈውን ኪኒን ለሌላ ቀን ማስቀመጥ ይቅር።

"እኔ ከሰዓት በኋላ አንድ ስኒ ቡና ከጠጣሁ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ጎረቤቴ ማታ በረካውን ጠጥታ ለሽ ትላለች። ለምን?" (ከሄርማታ መርካቶ)

ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይከማቻል። ሴሎቹ ላይ ካለው መቀበያው ጋር ሲገናኝ ድካም ይሰማናል። ካፌይን ቅርጹ ስለሚመሳሰል ወንበሩን ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፤ ሳይሰማን ይቆያል እንጂ።

ልዩነቱ ያለው በአብዛኛው ጉበት ላይ ነው። ካፌይንን የሚሰባብረው ኢንዛይም ከሰው ሰው ፍጥነቱ ይለያያል፤ ይህም በጂን ይወሰናል። በብዙ ሰው ግማሹ ካፌይን ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ጊዜው በጣም ይረዝማል። አንቺ ቡናሽን ጠዋት ጠጪ፤ ከጎረቤትሽ ጋር አትፎካከሪ።

"ሴት ልጄ 14 ዓመቷ ነው። የስኳር በሽታ አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። በስቴም ሴል ስኳር ዳነ ሲባል ሰማሁ። አንድ ሰው በቴሌግራም 'የስቴም ሴል እንክብል' ይሸጣል። ልግዛላት?" (አባት፣ ከጅሬን)

አይግዙ። እባክዎ አይግዙ። ስቴም ሴል ማለት ሌላ ዓይነት ሴል መሆን የሚችል ጀማሪ ሴል ነው፤ ቢውጡት ግን ሆድ ውስጥ እንደማንኛውም ምግብ ይፈጫል። በእንክብል መልክ የስኳር በሽታን የሚያድን ስቴም ሴል የለም።

የሰሙት ዜና ግን ከባዶ የተነሳ አይደለም። የልጅዎ ዓይነት ስኳር፣ ዓይነት 1 የሚባለው ከሆነ፣ የሰውነቷ የራሱ በሽታ መከላከያ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሴሎች አጥፍቷቸዋል ማለት ነው። ተመራማሪዎች እነዚህን ሴሎች ከስቴም ሴል ላብራቶሪ ውስጥ አሳድገው ወደ ጉበት በሚገባ የደም ሥር መስጠት ጀምረዋል። በ2025 በታተመ ውጤት ሙሉውን መጠን ከወሰዱት 12 ሰዎች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን መውጋት አላስፈለጋቸውም። ከዚያ በፊት በ2024 ከቻይና አንዲት ሴት ከራሷ ሰውነት በተወሰዱ ሴሎች ተመሳሳይ ውጤት ማግኘቷ ተዘግቧል። ለዚህ በሩን የከፈተው ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ነው። በ2006 አድጎ ያበቃ ሴልን ወደ ጅምሩ መመለስ እንደሚቻል በአይጥ ሴል አሳየ፤ በ2012 ኖቤል ተሸለመ።

እኔ ይህን ዜና ሳነብ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን 12 ሰው ነው። እነዚያ ሰዎች ሰውነታቸው አዲሱን ሴል እንዳያጠቃው የመከላከያ አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። ያ መድኃኒት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ለ14 ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ልውውጥ አይደለም።

ሻጩ "ኢንሱሊኑን አቁሙ" ካለ ደግሞ ነገሩ የሞት ጉዳይ ነው። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ለእንክብሉ ያሰቡትን ገንዘብ ለደም ስኳር መለኪያ ወረቀቷ ያውሉት።

"የቡና ጂን ተነበበ ይባላል። ለእኛ ለገበሬዎቹ ምን ይፈይዳል? በሽታ የማይነካው ችግኝ ይሰጡናል?" (ቡና አምራች፣ ከማና ወረዳ)

ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ሳየው ሌሎቹን ሁሉ ትቼ ስለ እሱ ብቻ ልጻፍ ብዬ ነበር።

አረቢካ ከሁለት የቡና ዝርያዎች መዳቀል የመጣ ነው። አንዱ ሮቡስታ የምንለው ነው፤ ሌላው ዩጂኒዮይደስ ይባላል። በ2024 የታተመው ትልቅ የጂን ጥናት ይህ መዳቀል የዛሬ 610 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሆነ ይገምታል። ማንም ሰው ሳይነካው፣ ጫካ ውስጥ። መነሻው ጥቂት ዛፍ ስለሆነ የአረቢካ ዘር ከጥንትም ጠባብ ነው። ወደ የመንና ከዚያ ወደ ዓለም የሄደው ደግሞ የዚያ ጠባብ ዘር ቅንጣት ነው። ብራዚልም ኮሎምቢያም የሚያመርቱት በአብዛኛው ከዚያች ቅንጣት ነው። ሰፊው ስብጥር የቀረው እዚህ ነው፤ በበለጠ ጌራ፣ በያዩ፣ በከፋ ጫካዎችና በእናንተ ጓሮ።

ይህ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሲቢዲ የምንለው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 አገራችን ሲገባ ፍሬው ዛፍ ላይ እየጠቆረ ረገፈ። በመልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ያኔ ጂን የሚያነብ ማሽን አልነበራቸውም። በሽታው በበረታበት ቦታ እየዞሩ ያልታመመውን ዛፍ ፈለጉ። 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዓይነቶች ከመቱ አካባቢ የተገኙት እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት፣ 1974ን ነው የሚናገሩት። የዛሬው ማሳችሁ የቆመው በዚያ ልፋት ነው።

የጂን ንባቡ የሚያሳጥረው ይህን ልፋት ነው። ቡና ተተክሎ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይወስዳል። ፍሬው ታሞ እስኪታይ ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ። የመቋቋሚያው ጂን የት እንዳለ ከታወቀ ግን ገና በችግኝነቱ ከቅጠሉ ተወስዶ ይመረመራል። ኬንያ ውስጥ ሲቢዲን የሚቋቋም አንድ ጂን ያለበት ቦታ በ2008 ታውቋል።

"በሽታ የማይነካው ችግኝ" የሚባል ግን የለም። በሽታውን የሚያመጣው ሻጋታም ሕያው ነው፤ እሱም ይለወጣል። ስለዚህ ማሳውን በሙሉ በአንድ ዓይነት አይሙሉት። ያረጁትን የአገር ቡና ዛፎች ሁሉ ነቅለው አይጨርሱ። በከፋ ዓመት ጎረቤቶቹ ሁሉ ታመው እሱ ብቻ ጤነኛ የሆነ ዛፍ ካዩ ምልክት ያድርጉበትና ለልማት ሠራተኛው ይንገሩ፤ ወሬው መልኮ ይድረስ።

አንድ የሚያንገበግበኝን ነገር ልጨምር። በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው አረቢካ አገኘን አሉ። ዛፎቹ የበቀሉት ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ዘር ነው። ዘሩ የእኛ ሆኖ ንባቡ የሌላ መሆን የለበትም። የቡና ጂን ጅማ ላይ፣ በጅማ ልጆች እጅ መነበብ አለበት። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

"ጂን ማረም ሲባል በቤተሰብ የሚወረስ በሽታ ከዘር ማንዘር ይጠፋል ማለት ነው?" (ከአጂፕ ሰፈር)

አይደለም። አሁን የተፈቀደው ሕክምና የሚነካው የታማሚውን ሴል ብቻ ነው። ለልጁ አይተላለፍም። በ2023 መጨረሻ እንግሊዝና አሜሪካ ለሲክል ሴል የደም በሽታ የፈቀዱት ሕክምና የሰውየውን የአጥንት መቅኔ ሴሎች አውጥቶ ክሪስፐር በሚባል የጂን መቁረጫ አርሞ ይመልሳቸዋል። ሲፈቀድ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025 ደግሞ ከባድ የጉበት ኢንዛይም ችግር ይዞ ለተወለደ አንድ ሕፃን፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ማረሚያ በስድስት ወር ውስጥ ተሠርቶ ተሰጥቶታል። ከመወለድ በፊት ፅንስ ላይ መሞከር ሌላ ነገር ነው። በ2018 ቻይና ውስጥ ይህን ያደረገው ሰው ለሦስት ዓመት እስር ተፈርዶበታል። ትክክል ነው እላለሁ፤ ያ ለውጥ ላልተጠየቁ ትውልዶች ነው የሚተርፈው።

"በዓመት ሁለቴ የሚወጋው የኤችአይቪ መርፌ ክትባት ነው?"

አይደለም፤ መድኃኒት ነው። ሌናካፓቪር ይባላል። ቫይረሱ ጂኑን የሚሸፍንበትን የፕሮቲን ቅርፊት ይይዝና በወጉ እንዳይከፈትም እንዳይገጣጠምም ያደርገዋል። በ2024 በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተሠራ ጥናት መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶችና ልጃገረዶች አንዷም አልተያዘችም። የሚከላከለው ግን እስከተወሰደ ድረስ ነው፤ ከመጀመሩ በፊትም ምርመራ ግድ ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው በዚህ ወሬ ምክንያት መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ።

"ሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የፕሮቲኖችን ቅርጽ ሁሉ ካወቀ እኛ ምን ቀረን? ዲፓርትመንት ልቀይር?" (ከጅማ ዩኒቨርሲቲ)

አትቀይሪ። አልፋፎልድ የሚባለው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራም ከ200 ሚሊዮን በላይ የፕሮቲን ቅርጾችን ተንብዮ በነጻ አስቀምጧል። ሠሪዎቹ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከዴቪድ ቤከር ጋር ተካፍለዋል። ይገባቸዋል። ግን ትንበያ ነው። ፕሮቲኑ ሴል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚያደርግ፣ ከጂኑ አንድ ፊደል ብቻ ሲለወጥ ለምን እንደሚያሳምም ብዙ ጊዜ አይነግርሽም። ያንን ላብራቶሪ ውስጥ ፒፔት የያዘ ሰው ነው የሚፈትነው።

ደግሞ አስቢው፤ ለንደን ያለው ተማሪ የሚከፍተውን ማከማቻ አንቺም ዶርም ሆነሽ ትከፍቺዋለሽ። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ውሰጂ። እንሰት ላይ በ1968 መጀመሪያ የተመዘገበው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ዛሬም የገበሬውን ጓሮ ያራቁታል። የቅርብ ዘመዶቹን ፕሮቲኖች ፈልጊና አንዱን ምረጪ። ቅርጹን እዪ፤ ተክሉን ለማጥቃት ይጠቅመው እንደሆነ አንብቢ። ያልገባሽን ጽፈሽ ለመምህርሽ ውሰጂለት።