ኩኪዎች የሚፈልጉት አገር ነው ክልል?

ጥያቄ፦ እንዴት ናችሁ አዘጋጆች? ጅማ መርካቶ አካባቢ ባጃጅ ነው የምሠራው። በቀደም ቡና እየጠጣን ኩኪ ስለሚባሉት የህንድ ሕዝቦች ወሬ ተነሳ፤ የራሳቸውን «ስቴት» ለማግኘት የታጠቁ ናቸው ተባለ። ጓደኛዬ «ሊገነጠሉ ነው» አለ። እኔ ደግሞ የለም፣ እንደ ጎረቤቶቻችን እንደ ደቡብ ምዕራቦች ክልል መሆን ነው አልኩ። በምሳ ተወራርደናል። ማን ይክፈል?

መልስ፦ ጠብ ያመጣው ያ «ስቴት» የሚባለው ቃል ነው፤ ሲፈልግ አገር ነው፣ ሲፈልግ ክልል። ኩኪዎች በብዛት የሚኖሩት ሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ ማኒፑር የሚባል ክልል ውስጥ ተራራው ላይ ነው። ዘመዶቻቸው ድንበር ማዶ ምያንማር ውስጥ አሉ። በ1917 እንግሊዝ ለፈረንሳይ ጦር ግንባር የጉልበት ሠራተኛ አምጡ ስትላቸው እምቢ ብለው እስከ 1919 ተዋግተዋታል። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ አደራ።)

የኩኪ ብሔራዊ ጦር የተመሠረተው በ1988 ነው። ሕልሙ ዛሌንጋም ይባላል፣ የነፃነት ምድር እንደማለት ነው፤ ድንበሩን ተሻግሮ እዚያም እዚህም ያለውን የኩኪ መሬት ያስባል። ስለዚህ ጓደኛህ ዝም ብሎ አላወራም።

በኋላ ግን ጥያቄው ህንድ ውስጥ ሆኖ የራስን ክልል ማግኘት ሆነ። በ2008 ታጣቂዎቹ ከደልሂ (ከህንድ ማዕከላዊ መንግሥት) እና ከማኒፑር መንግሥት ጋር ተኩስ ለማቆም ተፈራረሙ። ተዋጊዎቹ የተመደበላቸው ካምፕ ገቡ። መሣሪያው ሁለት ቁልፍ ባለው መጋዘን ተቆለፈበት፤ አንዱ ቁልፍ ቡድኑ ጋ፣ ሌላው የመንግሥት ጸጥታ ኃይል ጋ። ሁለቱ ካልተስማሙ አይከፈትም ማለት ነው፤ እኔን ከሁሉም የገረመኝ ይሄ ነው።

ክልል ቢጠይቁስ ያገኛሉ? ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ በሕዝበ ውሳኔ ነው የወጣው። ህንድ ጋ እንዲያ አይደለም፤ በአንቀጽ 3 ፓርላማው ሕግ አውጥቶ አዲስ ክልል ይፈጥራል፣ እንደኛ አንቀጽ 39 ያለ የመገንጠል መብት ግን የለም። ኩኪዎቹ ዓይናቸው ያለው ሚዞራም ላይ ነው። የሥጋ ዘመዶቻቸው ሚዞዎች በ1966 ሊገነጠሉ ጠመንጃ አነሱ፣ በ1986 ታረቁ፣ በ1987 ክልል ሆኑ። ጫካ የገባው መሪያቸው የሚዞራም ዋና ሚኒስትር (እንደኛ የክልል ርዕሰ መስተዳድር) ሆኖ ወጣ!

ማኒፑር ላይ ነገሩ የከረረው ግን ግንቦት 2023 ነው። ሸለቆው ውስጥ የሚኖሩትና በቁጥር የሚበልጡት ሜይቴዎች የጎሳ ልዩ መብት ይሰጠን አሉ፤ ኩኪዎች ደግሞ የተራራው መሬታችን ሊሄድ ነው ብለው ፈሩ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተፈናቀለ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄያቸው የራሱ ምክር ቤት ያለው፣ በቀጥታ ለደልሂ የሚጠራ ግዛት ሆኗል። ሜይቴዎች በበኩላቸው ማኒፑር አትቆረስም ብለዋል።

ምሳውን ጓደኛህ ይክፈል። ቡናውን ግን አንተ ጋብዘው፣ የዛሌንጋም ነገር አለበት።