የክረምት ዕረፍት መክሰስ

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ሦስት ልጆቼ ቤት ይውላሉ። ቁርስ በልተው ብዙ ሳይቆዩ «እማዬ፣ ራበን» ነው። ኪስ የማይጎዳ ምን ልሥራላቸው? ዳቦ ቆሎ ስሞክር ድንጋይ ይሆንብኛል። (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዳቦ ቆሎውን አይተዉት፤ አንዴ ከተሠራ ሳምንት ይሻገራል። ድንጋይ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ዘይት ሲያንሰውና ውሃ ሲበዛበት ነው። ለ2 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ከውሃው በፊት ዘይቱን ከዱቄቱ ጋር በጣትዎ ይሹት። ጨበጥ ሲያደርጉት መያያዝ ሲጀምር ውሃውን ጠብ ጠብ ያድርጉ፤ ግማሽ ብርጭቆ እንኳ ላይፈጅ ይችላል። ጠንከር ያለውን ሊጥ እርሳስ አሳክለው ያንከባሉትና በሽምብራ ልክ ይቁረጡት። ከዚያ በመለስተኛ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ፣ 20 ደቂቃ ያህል ይቁሉት። እሳቱ ከበረታ ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ሊጥ ይቀራል። አንዷን ሰብረው ይዩ፤ መሐሏ እርጥብ ከሆነ አልደረሰም። ሳይቀዘቅዝ አይክደኑት፣ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል።

ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን በፍጹም አይስጡ፤ ጉሮሮው ላይ ሊቀር ይችላል። ለእሱ ስኳር ድንች ከነልጣጩ ቀቅለው፣ ልጠው ይፍጩለት። ተቆርጦ ከተቀቀለ ጣፋጭነቱ ውሃው ውስጥ ይቀራል።

ለምሳ አቮካዶና የተቀቀለ እንቁላል በሹካ ደፍጥጠው፣ ትንሽ ጨው ጨምረው ዳቦ ውስጥ ያድርጉላቸው። ሎሚ ጠብ ካላደረጉበት አቮካዶው ቶሎ ይጠቁራል፤ ልጆች ደግሞ የጠቆረ አይነኩም።