የባህር ኮማንዶ ተራራ ላይ ሲከርም

ልጆቼ፣ ውትድርና የምታስቡት ሁሉ ስለ አሜሪካ የባህር ኃይል ኮማንዶዎች፣ ስለ ኔቪ ሲልስ ትጠይቁኛላችሁ። "ባህር በሌለበት አፍጋኒስታን ምን ይሠሩ ነበር?" ያለኝ ልጅ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ወጣትነቴን ምጽዋ ላይ በባህር ኃይል ነው ያሳለፍኩት። አንዴ ለስምንት ወር የብስ ላይ ጥበቃ ተመደብኩ። ስመለስ ውሃው ባዕድ ሆኖብኝ ነበር። ትንፋሼ ያጥራል፤ በጨለማ ከጀልባ ወደ መርከብ ስወጣ እግሬ ይከዳኛል። ተኩስ ግን አልረሳሁም። ዋናና ጠለቃ ካልሠሩት ቶሎ ይሸሻል።

ሲልስ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲቋቋሙ ስማቸው ራሱ ባህርን፣ አየርንና ምድርን የያዘ ነው። ስለዚህ ምድር ላይ መዋጋታቸው ስህተት ነው አልልም። ቬትናም ሜኮንግ ወንዝ ላይ ተዋግተዋል፤ ውሃው ግን አጠገባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የአልቃይዳውን መሪ ቢን ላደንን ፓኪስታን፣ አቦታባድ ድረስ ሄደው የገደሉትም እነሱ ናቸው። አንድ ሌሊት፣ አንድ ግቢ፣ አስቀድመው የተለማመዱት ሥራ። ለእንዲህ ያለው ይላኩ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ምደባው ዓመታት ሲቆጥር ነው። በጁን 2005 አፍጋኒስታን፣ ኩናር በሚባል ግዛት ተራራ ላይ አራት ሆነው ለቅኝት ወጡ፤ ሦስቱ ሞቱ። ሊደርስላቸው የሄደ ሄሊኮፕተር ተመትቶ 16 ሰው አለቀ። የባህር ሰዎች ስለሆኑ ነው የሞቱት ማለት ግፍ ነው፤ ያ ተራራ ማንንም ይበላል። ግን ተራራውን የምድር ጦር ልዩ ኃይልም ሊወጣው ይችላል። የጠላቂን ሥራ ማን ይተካዋል?

በጃንዋሪ 2024 ከሶማሊያ ዳርቻ ርቆ፣ የሚሳኤል ዕቃ በጫነች ጀልባ ላይ በሌሊት ሲወጡ አንዱ ወደቀ። ጓደኛው ሊያድነው ዘለለ። ሁለቱም ሰጠሙ። የባህር ኃይሉ ምርመራ የተሸከሙት ዕቃ እንደከበዳቸው፣ በመንሳፈፊያ ሥልጠናም ክፍተት እንደነበረ፣ ሞታቸውንም መከላከል ይቻል እንደነበር ገለጸ። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ያ የገዛ ቤታቸው ነበር እኮ፣ ውሃው።

ዛሬ አገራችን ባህር ኃይሏን እንደገና እያደራጀች ነው። አንዳንዶቻችሁ አዛዥ ትሆናላችሁ። "ጎበዞች ናቸው፣ የትም ይላኩ" የሚል ወረቀት ጠረጴዛችሁ ላይ ይመጣል። ስንት ወር ነው? ባህሩን ማን ይጠብቃል? ሲመለሱስ ለስንት ሳምንት ውሃ ውስጥ ይለማመዳሉ? መልሱ ወረቀቱ ላይ ከሌለ አትፈርሙ።