ከጥያቄዎቻችሁ፦ አይሁድ ሬሳን ለምን አያቃጥሉም?

ባለፈው ስለ አይሁድ ቀብር ትንሽ ነገር ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አይሁዳዊ የሥራ ባልደረባ አለኝ። አባቱ «ስሞት አቃጥሉኝ» ብለው ተናዘዋል። ቤተሰቡ ተጨንቋል። ሃይማኖታቸው ይከለክላል እንዴ? (ከሚኒሶታ)

መልስ፦ የየትኛው ወገን ናቸው? ኦርቶዶክስ አይሁድ (ሕጉን አጥባቂዎቹ) ከሆኑ ድርድር የለም፣ አይፈቀድም። የሟች ቃል በጣም የሚከበርበት ሃይማኖት ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ልጆቹ ኑዛዜውን ትተው እንዲቀብሩ ይመከራሉ። መካከለኞቹ፣ ኮንሰርቫቲቮቹ፣ አይደግፉትም፤ ከማቃጠሉ በፊት ጸሎት የሚያደርስ ራቢ (የሃይማኖት መምህር) ግን ይገኛል። ለዘብተኞቹ፣ ሪፎርሞቹ፣ ላላ ይላሉ። የአሜሪካ ሪፎርም ራቢዎች ጉባኤ በ1892 ራቢዎቹ እንዲህ ባለ ሥነ ሥርዓት ላይ አንገኝም እንዳይሉ ወስኗል።

የክልከላው ሥር ኦሪት ዘዳግም 21 ላይ ነው። ተሰቅሎ የተቀጣ ወንጀለኛ እንኳ ሬሳው እንዳያድር፣ በዚያው ቀን እንዲቀበር ያዝዛል። ወንጀለኛ ይህ ከተገባው ሌላውማ! ሥጋ የፈጣሪ አደራ ነው፤ እንደ ንብረት አይወገድም። ትንሣኤ ሙታንም አለ። «በናዚ ምድጃ ያለቁትስ?» ለሚል፣ ሳይፈልግ የተቃጠለ ሰው ትንሣኤው አይቀርበትም። እነዚያ ምድጃዎች ናቸው ታዲያ ምኵራብ ደርሶ የማያውቀውን አይሁዳዊ ሳይቀር ሬሳ ማቃጠል ሲባል የሚዘገንኑት።

ጥያቄ፦ እስራኤል ውስጥ በሕግ ክልክል ነው? (ከነታንያ)

መልስ፦ አይደለም። በ2005 አንድ የግል ማቃጠያ ሥራ ጀምሮ ነበር። በ2007 ቦታው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሰዎች እሳት ለቀቁበት። ማቃጠያው ራሱ ተቃጠለ! ከዚያ በፊት መንግሥት ራሱ ያቃጠለው ሬሳ በስቅላት የቀጣው የናዚ ሹም የአዶልፍ አይክማን ነው፣ በ1962። አመዱን ከአገሪቱ የባሕር ክልል አውጥተው በተኑት፤ መቃብሩ የናዚዎች መሳለሚያ እንዳይሆን።

ጥያቄ፦ ንጉሥ ሳኦል ተቃጥሎ የለ እንዴ?

መልስ፦ ጎበዝ አንባቢ! 1ኛ ሳሙኤል 31 ላይ የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች የሳኦልንና የልጆቹን ሬሳ ከቤትሳን ቅጥር አውርደው አቃጠሉ ይላል። አንድ ቁጥር ወረድ በል፤ አጥንታቸውን ዛፍ ሥር ቀበሩ። ዜና መዋዕል ያንኑ ታሪክ ሲደግም ማቃጠሉን ጨርሶ አያነሳም። እኔ እንደሚመስለኝ ጸሐፊው ነገሩ አልጣመውም።

ጥያቄ፦ ሀብታምም ድሃም በአንድ ዓይነት ነጭ ልብስ ነው የሚገነዘው የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ኪስ እንኳ የለውም። ሬሳውን አጥቦ የሚገንዘው «ሔቭራ ካዲሻ» የሚባል ማኅበር ነው። ለእኛ ሰው «እድር» ብለው ይቀርባል፤ የእነሱ ግን ድንኳንና ብረት ድስት ሳይሆን ገላውን ራሱ ነው የሚይዘው። ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ያጥባል። የሚታጠበው ክፍል ብቻ ይገለጣል፣ ሌላው እንደተሸፈነ ነው። ከሬሳው በላይ ዕቃ አይቀባበሉም፤ ዞረው ነው የሚሰጣጡት። መቀነቱ ሲታሰር ጠንካራ ቋጠሮ አይቋጠርም። ሲጨርሱ ሟቹን በስሙ ጠርተው ይቅርታ ይጠይቁታል፤ ምናልባት እጃችን አጥፍቶ ከሆነ ብለው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ታልሙድ (የጥንት ራቢዎች የሕግና የትርክት መጽሐፍ) እንደሚተርከው የቀብር ወጪ ከመክበዱ የተነሳ ዘመድ ሬሳውን ጥሎ ይሸሽ ነበር። ከዚያ ትልቁ መምህር ራባን ገማልያል በተራ በፍታ ልቀበር አሉ። እሳቸው እንዲህ ከተቀበሩ ማን ያፍራል? ለተዝካር ተበድረን በሬ የምንጥል ሰዎች ታሪኩን ብናውቀው አይከፋም።

ጥያቄ፦ አያቴ ግንባሯና አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። የተነቀሰ ሰው አይሁድ መቃብር አይገባም አሉን፤ አያቴ ተጨንቃለች። (ከእስራኤል)

መልስ፦ ውሸት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን 19 መነቀስን ይከለክላል፣ ልክ ነው። የተነቀሰ አይቀበር የሚል ሕግ ግን የለም። የተነቀሱ የቤተ እስራኤል እናቶች ደግሞ ብዙ ናቸው። ዛሬውኑ ንገሯት፣ አትጨነቅ።

ጥያቄ፦ መቃብር ላይ አበባ ትተው ድንጋይ የሚያስቀምጡት ለምንድን ነው?

መልስ፦ «መጥቼ ነበር» ለማለት ነው። ኢየሩሳሌም ደብረ ዘይት ላይ ብትሄዱ መቃብሩ ሁሉ ጠጠር ተደርድሮበታል። አበባ ይዞ የሄደን የሚቆጣ የለም፤ ግን ጎንበስ ብሎ አንድ ጠጠር ማንሳት ይበቃል፣ ደግሞም ነጻ ነው።