የጥንቸል ቤት ለጥንቸል አዳኝ

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ለልጄ ልደት ፌሬት የሚባለውን ገላው ረዥምና ቀጭን የሆነ ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ገዛንላት። ከሱቅ ባመጣነው የጥንቸል ቤት ብናስገባው በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ አመለጠ፤ አንዱን ቀን ከማቀዝቀዣው ጀርባ አገኘነው። ሽታውም ቤቱን ሞላው። ባለቤቴ ከአጥር ሥራ የተረፈ የዶሮ ሽቦና ሁለት ኮምፔርሳቶ አለውና «እኔ ሠርቼለት ጋራዥ እናስቀምጠዋለን» ይላል። ይሥራ ወይስ ሌላ እንግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትዎ ይሥራ። የዶሮ ሽቦው ግን ባለበት ይቀመጥ፤ ጋራዡም ይቅር።

የጥንቸል ቤት የገዛችሁት ለጥንቸል አዳኝ ነው። ፌሬትን ሰው ያላመደው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ነው፤ ሥራውም ጥንቸሏ ያለችበት ጉድጓድ ገብቶ እርሷን ማስወጣት ነበር። አገር ቤት ያደገ ሰው ሸለምጥማጥን ያስታውስ፤ በዘር አንድ ባይሆኑም የዶሮ ቤት ያለው ሰው ጠባዩን ያውቀዋል። ቀዳዳ ያየ እንደሆነ ሳይገባበት አያድርም። ጭንቅላቱ ካለፈ ደግሞ ገላው ተከትሎ ይወጣል።

እኔም ተሞኝቻለሁ። ለአንድ ጎረቤቴ የመጀመሪያውን ስሠራ ሽቦውን በደንብ መርጬ በሩ ላይ ግን መሃል ለመሃል አንድ መቀርቀሪያ ብቻ አደረግሁ። በሩ ሲዘጋ ልክ ነው። እንስሳው ግን ታችኛውን ጥግ በአፍንጫው ሲገፋው እንጨቱ ትንሽ ይሰጣል፤ ሁለት ጣት ያህል ይከፈታል፤ ያ ለእርሱ ይበቃዋል። ሌሊቱን ስንፈልገው አድረን ጠዋት የሥራ ጫማዬን ላጠልቅ ስል ውስጡ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ በር ከላይና ከታች ሁለት መቀርቀሪያ አደርጋለሁ፤ ሁለቱም በስፕሪንግ የሚመለሱ። ወደ ላይ በማንሳት ብቻ የሚከፈተውን ተራ መንጠቆ በአፍንጫው ያነሣዋል።

አሁን ወደ ሽቦው። የዶሮ ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ሲታኘክና ሲጎተት ዓይኑ ይሰፋል። በዚያ ላይ በዚንክ የተነከረ ነው። ፌሬት ሽቦ ይልሳል፣ ይነክሳል፤ ዚንክ ደግሞ ኩላሊቱንና ጉበቱን ይጎዳዋል። የሚያስፈልጋችሁ መጋጠሚያው የተበየደ፣ ዓይኑ ግማሽ ኢንች በአንድ ኢንች የሆነ፣ ቀለሙም በምድጃ የተጋገረ ሽቦ ነው። ወጪውን ከቻላችሁት የማይዝግ ብረት ይሻላል። ሽቦው የሚመታው ከፍሬሙ ውጪ ሳይሆን በውስጥ በኩል ነው፤ ያኔ እንስሳው ሲገፋ ሽቦው እንጨቱ ላይ ይደገፋል እንጂ አይነቀልም፣ ጥርሱም ሞራሌው ላይ አይደርስም። በስቴፕል ብቻ አትመኑ፤ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ብሎን ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ይግባ። የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ አለስልሳችሁ በቀጭን እንጨት ሸፍኑት።

ለአንድ ወይም ለሁለት ፌሬት 90 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 60 ጥልቀትና 120 ቁመት በጣም ይመቻል። ቁመቱን በሁለት መደርደሪያ ሦስት ቦታ ብትከፍሉት እያንዳንዱ ፎቅ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ክፍት አትተዉ። ይህ እንስሳ ድመት አይደለም፤ ሲወድቅ ይጎዳል። መወጣጫው ቀጥ ያለ አይሁን፣ ምንጣፍ ነገርም ይልበስ።

ሽታው የሚመጣው ከወለሉ ነው። የሽቦ ወለል እግሩን ያቆስላል፤ ራቁቱን የተተወ ኮምፔርሳቶ ደግሞ ሽንት ይጠጣል፤ አንዴ ከጠጣ ብታጥቡት አይለቅም። ስለዚህ ኮምፔርሳቶውን ከመገጣጠማችሁ በፊት ጠርዙን ጭምር ሁለት እጅ ቀለም ቀቡት፤ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ሳምንት ያህል አቆዩት። ከዚያ ወፍራም የፕላስቲክ ምንጣፍ አንድ ወጥ አድርጋችሁ አንጥፉ። ፌሬት ወደ ኋላው ሄዶ ጥግ ላይ ነው የሚጸዳዳው፤ ግድግዳው ላይም ይረጫል። ምንጣፉ ግድግዳው ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ ጥጉን በመቀስ አትቁረጡት፤ ድፎ ዳቦ በኮባ ሲጠቀለል እንደሚታጠፈው አጥፉት። ባለቤትዎ ባለሙያ ከሆነ እጁ ሲሊኮን ፍለጋ መሄዱ አይቀርም። ይከልክሉት! ጎማና ሲሊኮን ለፌሬት እንደ ማስቲካ ነው፤ ከዋጠው አንጀቱን ይዘጋዋል። የምንጣፉን ጠርዝ በአሉሚኒየም አንጎላሬ ይዞ በብሎን ማሰር ይበቃል።

ጥጉ ላይ ከፍ ያለ ግድግዳ ያለው የቆሻሻ ሣህን አስቀምጡና ከወረቀት የተሠራ እንክብል ሙሉበት። የጥድና የዝግባ ፍቅፋቂ ለሳንባው አይሆንም፤ ሲረጥብ የሚጓጉለው የድመት አሸዋም ይቅር። የመኝታውን ጨርቅ በየሳምንቱ እጠቡ። እንስሳውን ራሱን አዘውትራችሁ ብታጥቡት ግን ቆዳው ቅባት እያመነጨ ሽታው ይብሳል።

መኝታው ጨለማ ይሁን። የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። 30 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን፣ 10 ሳንቲ ሜትር መግቢያ ያለው፣ ጉድጓዱን ይመስለዋል። ያረጀ ጋቢ ልታነጥፉለት ታስቡ ይሆናል፤ ክሩ ጥፍሩን ይይዘዋልና ያረጀ ካናቴራ ይሻላል።

ጋራዡ ለምን ይቅር? ፌሬት አያልበውም ለማለት ይቻላል፤ ሙቀት አይችልም። ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በእናንተ መለኪያ 80 ፋራናይት ሲያልፍ መጨነቅ ይጀምራል፤ 32 ዲግሪ ሲደርስ ሊሞት ይችላል። የሜሪላንድ ጋራዥ በሐምሌ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ምድር ቤታችሁ የማይረጥብ ከሆነ ከማሞቂያው ራቅ አድርጋችሁ እዚያ አቁሙት።

ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር መኝታ ነው፤ በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት ይውጣ። ከማቀዝቀዣውና ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለውን ክፍተት አስቀድማችሁ በእንጨት ድፈኑ። ተዘርግቶ የሚታጠፍ ሶፋ ካላችሁ እርሱ ያለበት ክፍል ይዘጋ፤ ስንት ፌሬት ብረቱ ውስጥ ገብቶ ተጨፍልቋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ወደ ካሊፎርኒያ ወይም ወደ ሐዋይ የመዛወር ሐሳብ ካላችሁ እዚያ ፌሬት በቤት ማሳደግ በሕግ የተከለከለ ነው።

ሥራው ሲያልቅ እንስሳውን ከማስገባታችሁ በፊት ልጅዎ በየጥጉና በየበሩ ጠርዝ አውራ ጣቷን ትግፋበት፤ ጣቷ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ሽቦ ወይም ብሎን ይጨመርበት። እስከዚያው ድረስ ደግሞ ካመለጠ መጀመሪያ ጫማ ውስጥ ፈልጉት።