የሬክለስ ትኬት ከፍዬ ልገላገል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ግሪን ካርድ አለኝ። በሰዓት 65 ማይል በሚነዳበት ሀይዌይ 88 ስነዳ ፖሊስ አስቆመኝና ሬክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ጓደኞቼ ትኬት ነው ከፍለህ ተገላገል ይሉኛል፣ ባለቤቴ ደግሞ ጠበቃ ያዝ ትላለች። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የባለቤትህን ስማ ወንድሜ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 በላይ መንዳት ወይም ከተፈቀደው 20 እና ከዚያ በላይ ማለፍ ሬክለስ ነው፣ ይሄ ደግሞ ክላስ ዋን ሚስድሚነር ማለትም ከቀላል ወንጀሎች ከባዱ ደረጃ ነው፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ አለው፣ ላይሰንስህም እስከ 6 ወር ሊታገድ ይችላል። ኦንላይን ከፍለህ የምትዘጋው አይደለም፣ ቀጠሮው ቀን መቅረብ አለብህ። ከተፈረደብህ መንጃ ሪከርድህ ላይ 11 ዓመት ይቆያል።

በፍጥነት ብቻ ብዙ ሰው እስር ቤት አይገባም፣ እሱ አያስጨንቅህ። እኔን የሚያስጨንቀኝ እዚሁ ክላስ ዋን ውስጥ ያለው ስርቆት ነው፣ ምክንያቱም ከ1,000 ዶላር በታች የሆነ እቃ ከሱቅ ይዞ የወጣ ሰው ዳኛው «12 ወር፣ ሙሉው በገደብ» ሲለው አንድ ቀን ሳይታሰር ቤቱ ስለሚገባ እፎይ ይላል፣ ቤተሰቡም ተመስገን ይላል፣ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን በገደብ የተባለውን እንደ ሙሉ እስር ነው የሚቆጥረው፣ በስርቆት አንድ ዓመት የተፈረደበት ደግሞ ስቴቱ ሚስድሚነር ቢለውም በፌደራሉ ሕግ ከከባዶቹ ወንጀሎች ተመድቦ ግሪን ካርድ እያለው ዲፖርት ሊደረግ ይችላል። 12 ወር ወደ 11 ወር ቢወርድ እንኳን ትልቅ ለውጥ ነው፣ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ የሚስድሚነር እስር ጣሪያውን 364 ቀን ያደረጉት ለዚህ ነው። ስርቆት በ11 ወርም ቢሆን ኢሚግሬሽን ላይ ጣጣ አያጣም፣ ስለዚህ ማንም ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት ጠበቃውን «ግሪን ካርዴ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ፣ ከ2010 ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሄን መንገር የጠበቃ ግዴታ ነው ብሏል።

አንተ አሁን የትራፊክ ጠበቃ ያዝ፣ ሬክለሱ ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት እንዲወርድልህ አቃቤ ሕጉን ወይም ዳኛውን ይጠይቅልሃል። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ አስተርጓሚ ቀድመህ ጠይቅ። ከተፈረደብህም በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካልክ ሰርኪዩት ኮርት (ከፍ ያለው ፍርድ ቤት) ጉዳዩን እንደ አዲስ ያየዋል፣ ቀኑ ካለፈ ግን ያ መብት የለም።