ሁለተኛው ትራንዚስተር

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ደብረ ማርቆስ ካለው የጥገና ቤቴ መጥቶ «ጋሼ፣ ሲንተሳይዘር፣ ያንን በኮረንቲ ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ፣ በእጄ ልሠራ አስቤያለሁ፤ የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?» አለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ሁለት ስም ጽፌ ሸኘሁት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔም ሲንተሳይዘር የሠራሁት በ1979 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። አንድ መምህር ሽፋኑ የተገነጠለ የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ አውሶኝ፣ ጽሑፉን እየዘለልኩ ሥዕሉን ብቻ ገለበጥኩ። የድምፅ ማመንጫው ሥዕል ላይ ሁለት ትራንዚስተሮች፣ ኮረንቲ የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕቃዎች፣ ጎን ለጎን ነበሩ። ትራንዚስተር የማገኘው ከሞቱ ሬዲዮኖች እየነቀልኩ ስለነበር «አንዱ ይበቃል» ብዬ ሁለተኛውን ተውኩት። ሠራ! አሥራ ሦስት ቁልፍ፣ የጣውላ ሳጥን፣ ሁለት ባትሪ። እናቴ እልል አለች።

የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ይዤው ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ አንድ አዛውንት አዝማሪ ነበሩ፤ አጠገቤ ተቀምጠው ማሲንቋቸውን በእኔ ድምፅ ቃኙ። ትዝታ ጀመርን። ብርዱ እየበረታ ሲሄድ ዜማችን ተላለፈ፤ ሰው ዘወር ዘወር ማለት ጀመረ። ደሜ ፈላና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አባባ፣ ማሲንቆዎ ተዛብቷል፤ ይቃኙት እንጂ!» አልኳቸው። ጭራውን በጣታቸው ነካ አድርገው አዳመጡ። «የኔስ እዚያው ነው፣ ልጄ» አሉና ማሲንቋቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ።

መጽሐፉን ለመመለስ ስሰናዳ ነው የዘለልኩትን ገጽ ያነበብኩት። ትራንዚስተር አንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ያንኑ ያህል ኮረንቲ ለማሳለፍ 2 ሚሊቮልት ገደማ ይጨምርለት ዘንድ ይፈልጋል። ድምፁን በአንድ ኦክታቭ (ከአንድ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ») ለማንሳት የሚበቃው ደግሞ 18 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ዲግሪ ብርድ የመሣሪያዬ ድምፅ ከሰሚቶን (ከኦክታቭ አንድ አሥራ ሁለተኛ) በላይ ወርዶ ነበር። ሁለተኛው ትራንዚስተር የተሳለው ከመጀመሪያው ጋር ተጣብቆ አብሮ እንዲሞቅ፣ አብሮ እንዲበርድ፣ አንዱ የሌላውን ስሕተት እንዲያጠፋ ነው። በዓመቱ አዛውንቱን ቅዳሜ ገበያ አየኋቸው። ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ መንገድ አሳበርኩ።

የዘንድሮ ልጆች ቪዲዮ እያያችሁ ሽቦ ትቀጥላላችሁ፤ ለምን እንደሚሠራ ሳታውቁ ሲሠራ ደስ ይላችኋል። እኔ ቪዲዮ በሌለበት ዘመን ያደረግሁት ግን ያንኑ ነው።

ለልጁ ከጻፍኩለት አንዱ የሬይ ዊልሰን «ሜክ፦ አናሎግ ሲንተሳይዘርስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ካውያ አያያዝ ሳይቀር የሚያሳይ። ሌላው የሆሮዊትዝና የሂል «ዘ አርት ኦፍ ኤሌክትሮኒክስ» ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ፤ እናንተ እ.ኤ.አ. የ2015ቱን ሦስተኛ እትም ፈልጉ። ከባድ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ አልልም። የትራንዚስተሩን ምዕራፍ ግን አንዲት መስመር ሳትዘሉ አንብቡ። ሳታነቡ አትበይዱ እላለሁ፤ ደግሞ ጥቂት ዕቃ ሳያቃጥል ምዕራፉ የገባው ሰው አላየሁም፤ ከሞተ ሬዲዮ የነቀላችሁትን አቃጥሉ።

ለዚያ ልጅ፦ ሁለቱም መጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ና። ከአንድ ዓይነት ሬዲዮ የወጡ ሁለት ትራንዚስተሮች አስቀምጬልሃለሁ፤ ጀርባቸውን አጣብቀን በክር እናስራለን።